በር የወጣለት ጀልባ

ጀልባ ውስጥ ኖሬ አውቃለሁ ስል ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ወይም ምጽዋ ይመስለዋል። እኔ የኖርኩት በጃንሆይ ጊዜ ሰበታ ነው፤ ከጅማ መንገድ ዳር፣ ጠብታ ውኃ በሌለበት የግጦሽ መስክ ላይ፣ በግንድ ተደግፎ በቆመ የእንጨት ጀልባ ውስጥ።

ባለቤቴ አናጢ ነበር። ያሠራው የነበረ አንድ ፈረንጅ፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምድበትን ጀልባ ሊያስጠግን ሰበታ ድረስ አስመጥቶ ሳለ በድንገት ወደ አገሩ የሚመለስ ሆነና፣ "በል አንተው ውሰደው" ብሎት ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ሌላ ወሬ የለውም። ጀልባውን ያድሳል፣ በካሚዮን ዝዋይ ይወስደዋል፣ ከደሴት ደሴት ሰው ያመላልስበታል። ዋና እንኳ የማይችል ሰውዬ።

ወዲያው ደግሞ አከራያችን ልጄን ልድር ነው፣ ቤቱን ልቀቁልኝ አለ። ሌላ ቤት እንፈልግ ስለው፣ "ምን ያደርግልናል? እስኪያልቅ እዚያው ውስጥ እንሁን፣ ለጥቂት ወር ነው" አለኝ። ጥቂት ወር ያለው ነገር ዓመት አለፈው።

ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ድስቱን እዚህ አስቀምጬ ዞር ስል እዚያ አገኘዋለሁ። ቀጥ ብዬ የምቆምበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እዚያም ላይ መጋዙንና መላጊያውን ሰቅሎበታል። ፀጉሬም፣ ነጠላዬም፣ ወጡም ሬንጅ ሬንጅ ይላል። በጣውላና በጣውላ መሐል ያለውን ክፍተት በሬንጅ በተነከረ ቃጫ ይጠቀጥቃል፤ ዛሬ የደፈነው ነገ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ጥሩ ጣውላ ፍለጋ አንድ ሰሞን ሱሉልታ፣ አንድ ሰሞን ቡራዩ ይዞራል፤ ተሸክሞ መጥቶ ሲያበቃ፣ "ይሄ ጉጥ አለበት" ብሎ ይጥለዋል። እርር ድብን እላለሁ። ለሰው ቤት ስትሠራ እንዲህ ትንቀረፈፋለህ ወይ ስለው፣ "ቤት ቢያፈስ ዕቃ ታነሻለሽ፣ ጀልባ ቢያፈስ ትሞቻለሽ" ይለኛል። ከዚያ ጎኑ ላይ በጠመኔ ያሰመረውን መስመር እያሳየ፣ ከዚህ በታች ያለው ውኃ ውስጥ ስለሚገባ የሚስማር ቀዳዳ እንኳ እንዳይገኝበት ብሎ ይደጋግምልኛል። ከመስማቴ ብዛት እንደ ዳዊት ሸምድጄዋለሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን መሰላሉ ነበር። ለመውጣት መሰላል፣ ለመውረድ መሰላል፣ እንስራ አዝዬ መሰላል። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ በጎኔ እየታከክሁ ነበር የምወጣው። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመውለዴ በፊት በእግሬ የምገባበት፣ በር ያለው ቤት። ነገርኩት፣ ለመንኩት፣ አኮረፍኩት። እሱ መልሱ ያው ነው፤ "ሳትወልጂ ዝዋይ እንገባለን።"

መስኩ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበር፤ ኦቦ ነበር የምንላቸው። ጠዋት ከብቶቻቸውን ሲያሰማሩ ከታች ቆመው "አካም ቡልተን?" ብለው እንዴት እንዳደርን ይጠይቁናል፤ ሚስታቸው እርጎ ይልኩልናል። ስለ ጀልባው ግን አንድም ቀን ጠይቀውን አያውቁም። ባለቤቴ ስለ ሐይቁ ሲያወራላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡና፣ "ጎሽ፣ ጎሽ ልጄ" ብለው ወደ ከብት ወሬ ይመለሳሉ። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ባለቤቴ ካሚዮን ሊያፈላልግ አዲስ አበባ ሄደ። በማግስቱ መሰላሉ አዳለጠኝና ወደቅሁ። ደግነቱ ከታችኛው እርከን ላይ ነው፤ ሣሩ ተቀበለኝ፣ ምንም አልሆንኩም። የኦቦ ሚስት ግን አይተውኝ ኖሮ ኡኡ አሉ።

በነጋታው ጠዋት ጫጫታ ሰምቼ አንገቴን ባወጣ፣ ኦቦ ጅጊ ጠርተው የሰፈሩ ወንድ መጋዝና መጥረቢያ ይዞ ቆሟል። ጎረምሶቹ ጭድና ጭቃ በእግራቸው ያቦካሉ፣ ሴቶቹ ውኃ ያመላልሳሉ። ደግፈው አወረዱኝና በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ።

"ኦቦ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?" አልኳቸው።

"በር ልናወጣልሽ ነዋ። ነፍሰ ጡር በጣሪያ ትገባለች እንዴ?"

"ይሄ እኮ ቤት አይደለም። ውኃ ላይ የሚሄድ ነው። ጎኑ ከተቀደደ አለቀለት።"

"እናውቃለን ልጄ፣ እናውቃለን" አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ።

አነጋገራቸው ውስጥ ያለውን አዘኔታ ስሰማ ያን ጊዜ ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቃል አላመኑንም። ቤት አጥቶ ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው፣ እንዳይሳቅበት ጀልባ ነው፣ ሐይቅ ነው እያለ ይሸፋፍናል ብለው ነው ያሰቡት። ያ ሁሉ ጎሽ ጎሽ ለካ ገመናችንን ለመሸፈን ነበር።

ምን ልበላቸው? ጠዋት ማታ ስረግመው ለኖርኩት ጀልባ እኔው ጠበቃ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ተዉት ባልኩ ቁጥር የኦቦ ሚስት፣ "አይዞሽ፣ ማንም ላይ ይደርሳል" እያሉ ያቅፉኛል። ከታቀፍኩበት ሆኜ መጋዙ ከጠመኔው መስመር በታች ሲገባ አየሁ። ጣውላውን ብቻ አይደለም፣ ጣውላውን አቅፎ የያዘውን ወፍራም የውስጥ አጥንቱንም ቆረጡት። የተቆረጠው ተነሥቶ ፀሐይ ወለሉ ላይ ስትገባ በንዴት አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም እፎይ አልኩ። ከደፉ ሥር የድንጋይ ደረጃ ሠሩልኝ፤ የቀረውን ጎን በጭቃው መረጉት።

ከሰዓት በኋላ ታጥበው ጠላ እየጠጡ ሳለ አንድ ካሚዮን ጡሩምባውን እየነፋ ከመንገዱ ወደ መስኩ ታጠፈ። ባለቤቴ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ በመስኮት እጁን ያውለበልባል። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። ከካሚዮኑ ሲወርድ የጀልባውን ጎን አየና ቆመ።

ኦቦ እጁን ይዘው ወስደው በሩን አሳዩት። "ቤትህ ይሙቅ፣ ልጅ ይሩጥበት" ብለው መረቁት። ሰው ሁሉ ልብሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ደስ ብሎት ፊት ፊቱን ያየዋል።

"አሜን" አለ ባለቤቴ። "ገለቶማ፣ ኦቦ።" የተቆረጠውን አጥንት በጣቱ ዳሰሰው።

እኔ ለቁጣው ተዘጋጅቻለሁ። ይጩህብኝ ብቻ፣ የዓመቱን አራግፍለታለሁ ብዬ መልሴን ምላሴ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ "ጭነቱ የቱ ነው?" አለ።

ባለቤቴ ዞሮ እኔን አየ፣ ሆዴን አየ። "ጭነት የለም ወንድሜ፣ በከንቱ አለፋሁህ" አለው። ከዚያ ደረጃውን ወጣ። ዓመቱን ሙሉ ጭቃና ሬንጁን እንደያዘ ሲገባ የኖረው ሰውዬ ጫማውን ደፉ ላይ ጠረገና፣ ጎንበስ ብሎ በበሩ ገባ።