የአባቴ ነፃ ወረቀት

የኪኒን ሽታ ታውቂዋለሽ ልጄ? የዛሬ ኪኒን በብልጭልጭ ታሽጎ ስለሚመጣ ሽታው አይወጣም። ትናንት ግን የግፊት መድኃኒቴን ስቀበል ልጅቷ ከትልቅ ቆርቆሮ ቆጥራ፣ በትንሽ የወረቀት ከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ያ መራራ፣ ኖራ ኖራ የሚለው ሽታ መጣ። "በጤና መድህን ነው፣ አይከፍሉም እማማ" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከረጢቱን ገልጬ አየሁት። በነፃ የሚሰጠኝን ነገር ሁሉ እጠረጥራለሁ። ይሄን ጠባይ ከየት እንዳመጣሁት ልንገርሽ።

ያኔ ቤታችን ገፈርሳ ማዶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግድቡ ላይ ጉም ይተኛል፤ ባህር ዛፉ ጤዛውን ሲያራግፍ ይሸታል። እኔ አሥራ አምስት ቢሆነኝ ነው፤ ማን ቆጥሮት። አባቴ ልቡን ታመመ። የአዲስ አበባው ሐኪም "ይሄን ኪኒን ዕድሜ ልክህን ትውጣለህ፤ ካቋረጥክ ግን እንጃልህ" ብሎ ሰደደው። መጀመሪያ በጎቹ ተሸጡ፤ ቀጥሎ ላሚቱ። ቦራ ብቻ ቀረ። ቦራ ግንባሩ ነጭ የሆነ በሬያችን ነው። እሱም ከሄደ ማን ያርሳል? ምን ይበላል?

ገበሬ ማህበሩ ለድሃ የነፃ ሕክምና ወረቀት ይሰጣል ተባለ። ወረቀቱን የያዘ ሰው መድኃኒቱን ሳይከፍል ይቀበላል። ብቻ ድሃ መሆንሽን ሰው ይመስክርልሽ። አባቴ ድሃ ከሚባል ሞቱን የሚመርጥ ሰው ነበር፤ "አልሄድም" አለ። እናቴም አፈረች። እኔን ላኩኝ።

ሊቀመንበሩ ዓይኑ የማያርፍ፣ ቀጭን ሰው ነበር። "ዘመድ ለዘመዱ ይዋሻል" አለ። "እኔ የምሰማው የድንበር ጎረቤትን ነው። ደግሞ በሬ ያለው ሰው ድሃ አይባልም።"

የድንበር ጎረቤታችንን 'ኦቦ' ነው የምንላቸው፣ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው፤ ከአባቴ ጋር የተጣሉ ሰው ናቸው። ድሮ መቀናጆ ነበሩ፤ የእሳቸውን አንድ በሬና የኛን ቦራ አጣምደው በተራ ያርሱ ነበር። ኋላ ኦቦ ድንበሩ ላይ ባህር ዛፍ ተከሉ፤ አባቴ "ሥሩ እርሻዬን ጠጣው" ብሎ ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለም። እንግዲህ እኚህ ሰውዬ ናቸው የአባቴን ነፍስ በአፋቸው የያዙት።

ኦቦ ተጠርተው መጡ። ጋቢያቸው ጭስ ጭስ ይላል። ሊቀመንበሩ "እዚያ ቤት አንድ ቦራ በሬ አለ ይባላል። የማን ነው?" ሲል ጠየቃቸው።

"የኔ ነው" አሉ።

"የርስዎ?"

"የኔ። እንዲጠብቁልኝ ሰጥቻቸው ነው።"

"ይምላሉ?"

ኦቦ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ። "ማርያምን፣ በሬው የኔ ነው።"

ወረቀቱ ማህተም ተመታበት። ስወጣ ተከትለውኝ "ሂን ሶዳቲን፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ አትፍሪ ልጄ ማለታቸው ነው። እንዴት አልፈራም! ሰው ፊት፣ በማርያም ስም፣ በሬያችንን ወሰዱት እኮ።

አባቴ ሲሰማ "ዛፉን ብቆርጥበት በሬዬን ቆረጠኝ" አለ። እናቴ "ይሄ ሰውዬ ገመድ ይዞ ሲመጣ ታያላችሁ!" ብላ ቦራን ከጋጣ አውጥታ ቤት ውስጥ አሰረችው። እኔም በሬው ወደ ኦቦ መስክ እንዳይጠጋ ሣር እያጨድኩ በሸክም አበላው ጀመር።

እውነትም ገመድ ይዘው መጡ። የእርሻ ወቅት ነበር። እናቴ ዘነዘናዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ሌላ አይደለም" አሉ ኦቦ። "እንደ ድሯችን እንቀናጅ ብዬ ነው።"

አባቴ ከውስጥ ሆኖ "በሬው ያንተ አይደል እንዴ! ምን ታስፈቅዳለህ?" አላቸው።

ኦቦ ገመዱን እየጠቀለሉ ትንሽ ቆሙ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ አዩና ዘጉት። ሄዱ። እኛ ከማዶ ሰው ጋር ተቀናጀን። የእሳቸው መሬት ግማሹ ያን ዓመት ጦም አደረ። እናቴ "እሰይ!" አለች። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽሽም።

ወረቀቱ በየዓመቱ ይታደሳል። በየዓመቱም ኦቦ ይጠራሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ይምላሉ። እናቴ "አየሽው? በዓመት በዓመት ገመዱን ያጠብቃል" ትለኛለች። አባቴ ኪኒኑን በኦቦ ምስክርነት እየዋጠ ኦቦን ይረግማል። ሰው እንዲህ ነን።

ሌላም ነገር ነበር። ቆራቢ የነበሩት ኦቦ ቤተ ክርስቲያን መግባት ተዉ። እሁድ እሁድ ከአጥሩ ውጪ ቆመው፣ ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አስደግፈው ያስቀድሳሉ። "የሰው በሬ የዋጠ እንዴት ብሎ ይግባ" ትላለች እናቴ፣ እንዲሰሟት ድምጿን ከፍ አድርጋ።

አባቴ ስድስት ዓመት ኖረ። ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም ልጄ፤ እኔን ለወግ ማዕረግ አብቅቶ፣ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፎ ነው የሄደው። ሲቀበር አፈሩን ከቆፈሩት አንዱ ኦቦ ነበሩ። እናቴ እያለቀሰች እንኳ "አሁን ለበሬው ይመጣል" አለችኝ።

በሠልስቱ የመጣችው ግን ሚስታቸው ናት፤ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ። እናቴ አጠገብ ቁጭ አለችና "ቦራ የናንተ ነው" አለች። "ትናንትም የናንተ ነበር። የኔ ሰውዬ ለሐሰት መሐላው ዛሬ ንስሐ ሊገባ ነው።"

እናቴ "ስድስት ዓመት የት ነበር?" አለቻት።

"ስለምነው ኖርኩ እኮ! ለንስሐ አባትህ ንገርና ይለይልህ እለዋለሁ። 'ብነግራቸው ሂድ፣ ቃልህን አንሳ ይሉኛል። ቃሌን ካነሳሁ ሰውየው መድኃኒት የለውም። ድንበር ሌላ፣ ነፍስ ሌላ' ይለኛል። ለናንተ እንዳይነግር ደግሞ የባልሽን ኩራት ያውቃል። የሱ ውለታ መሆኑን ቢሰማ ወረቀቱን ይቀደው ነበር።"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

ኦቦ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ነጭ ለብሰዋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"ተነሽ፣ ተነሽ" አሉኝ። "እስክታገቢ ድረስ በሬዬን ሣር እያጨድሽ አበላሽልኝ። ማመስገንስ ለኔ ነበር።" ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቶ፣ "እስከ ደጁ ትሸኚኛለሽ?" አሉኝ። "ብቻዬን መግባቱ ከበደኝ።"

አብረን ሄድን። ከአጥሩ በር ስንደርስ ጫማቸውን አወለቁ፤ የት እንደሚያኖሩት ግራ የገባቸው ይመስል ይዘውት ቆሙ። ተቀበልኳቸው። ደረጃውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወጡ፤ መዝጊያውን ሳሙ፤ ገቡ።

ከእግራቸው የሞቀውን ጫማ በሁለት እጄ ይዤ፣ እስኪወጡ ድረስ ውጪ ቆሜ ጠበቅኩ።