ባኞ ውስጥ የበቀለው ቲማቲም

ባለቤቴ አፈር አይወድም ነበር። ገበሬ ቤት ተወልዶ ስላደገ አፈርን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ጫማው ላይ ሲያየው ግን ፊቱ ይጠቁራል። በንጉሡ ዘመን ለመንግሥት ሥራ አስመራ ተመድቦ ስንሄድ ከሁሉም በላይ ደስ ያሰኘው የከተማው ንጽሕና ነው። ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር የተከራየነው ቤት ግቢው እንዳለ ሲሚንቶ ነበር። ባኞ ቤቱ ሰፊ መስኮት ነበረው፤ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ባለ አራት እግር ትልቅ ነጭ ባኞ ተቀምጧል።

አንድ እሑድ፣ በሥራ ምክንያት የሚያውቀው አሜሪካዊ መኮንን ቤት ምሳ ተጋብዞ ሄደ። ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ሰላጣ በላሁ» አለኝ።

«ደግ አደረግክ።»

«አፈር ነክቶት የማያውቅ ሰላጣ! ውሃ ውስጥ ነው የሚያበቅሉት። ውሃና ትንሽ የማዳበሪያ ጨው፣ በቃ!» እንባ እንባ ብሎታል።

በማግስቱ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ወሰደብኝ። የጣውላ ክዳን ሠርቶለት ክዳኑን በሳሳው፣ በየቀዳዳውም አንዳንድ የሰላጣ ችግኝ ሰካ። በችግኝና በችግኝ መካከል ሁለት ጣት አይገባም።

«ምነው እንዲህ አጣበብካቸው?»

«ትንንሽ ናቸው እኮ። ምን ያደርግላቸዋል ሰፊ ቦታ?»

ትንንሽ ሆነው አልቀሩም። የአስመራ ፀሐይ አናት ላይ ሲወርድባቸው ያቺን የሳፋ ውሃ እየተሻሙ ጠጧት፤ የቅጠላቸው ዳርም እሳት እንደነካው ወረቀት አረረ። ክዳኑን አንስቼ የተረፈውን ውሃ በጣቴ ቀመስኩት። ምላሴ ተኮማተረ።

«ውሃውን ጠጥተው ጨውን ትተውታል» አልኩት። «ውሃው ባነሰ ቁጥር ጨው እየሆነ ነው።»

«ስለዚህ ጥፋቱ የሳፋው ነው» አለ። ተነሥቶ በየክፍሉ እየዞረ ዕቃ ሁሉ ይመለከት ጀመር። ጋኑን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ በመጨረሻ ባኞ ቤት ገብቶ ባኞውን በክንዱ ለካ። ልኬቱ አላማረኝም።

«እኛስ የት ልንታጠብ ነው?»

«ለጊዜው ነው!»

እውነቱን ለመናገር ባኞው ለውሃው በቂ ነበር። ብዙ ውሃ ቶሎ አይጎድልም፣ ቶሎም ጨው አይበዛበትም። ባለቤቴ የሳተው ሌላውን ነው። ውሃው ከበዛ ተክሉም መብዛት አለበት ብሎ፣ ባኞውን ከዳር እስከ ዳር በጣውላ ከድኖ፣ ቲማቲም እንደ ጥምቀት ሕዝብ አጨቀበት። በዚያ ላይ ሥር ይተነፍሳል መባሉን ሰምቷል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከረባቱን አስሮ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ በብስክሌት ጎማ መንፊያ ውሃው ውስጥ አየር ይነፋና ቢሮ ይሄዳል።

እኔ ፎጣዬን ይዤ ጎረቤት መታጠብ ጀመርኩ። ጎረቤቴ የአስመራ ተወላጅ መምህርት ናት፤ አማርኛዋ የትምህርት ቤት ነው።

«ሓፍተይ» አለችኝ፣ እኅቴ ማለቷ ነው፤ «እናንተ ቤት ባኞ የለም እንዴ?»

«አለ። ቲማቲም ገብቶበት ነው።»

«እወ» አለች በአዎንታ ራሷን ነቅንቃ፣ እንግዳ ገብቶበታል ያልኳት ይመስል። «እስኪወጣ እኛ ጋ ታጠቢያ።»

ቲማቲሙ አልወጣም። አደገ እንጂ። ግንዱ የሻወሩ ቧንቧ ላይ ተጠመጠመ፣ መስታወቱን ሸፈነ፣ ከዚያ የበሩን መዝጊያ ያዘ። ባለቤቴ ጢሙን የሚላጨው በአንድ እጁ ቅጠል ገልጦ ነው። አየር ስላጣ ቅጠሉ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጣበት። ፍሬ የሚባል ግን የለም።

በዚህ መካከል የነፍስ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ሳሎኑን ረጩ፣ መኝታ ቤቱን ረጩ፤ ቀድሜ ልከለክላቸው ስል የባኞ ቤቱን በር ከፈቱት።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ቲማቲም ነው፣ አባ።»

«አፈሩ የታለ?»

«አፈር የለውም። ውሃ ብቻ ነው።»

አባ ብዙ አሰቡ። «ቡቃያ እንድታበቅል የታዘዘችው ምድር ናት» አሉ። «ባኞ አልታዘዘም።»

«አልተከለከለምም» አለ ባለቤቴ፣ መንፊያውን እንደያዘ።

«እርግጥ ነው፣ አልተከለከለም።» ዓይናቸው መንፊያው ላይ አረፈ። «እሱስ ለምንድን ነው?»

ሥሩ እንደሚተነፍስ አስረዳቸው። አባ መስቀላቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይነፉ ጀመር። ውሃው ሲንቦጫቦጭ እንደ ልጅ ሳቁ። ቀና ሲሉ ግን ጥምጥማቸው በግንዱ ተያዘ፤ ለማስለቀቅ ሲጎትቱ ክዳኑ እንዳለ ተነሣ። ከሥሩ የወጣውን ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ሥሩ ሁሉ ተያይዞ፣ ተጎንጉኖ፣ እንደ ራሰ ለምድ አንድ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አንድ ነው ወይስ ብዙ?» አሉ አባ በሹክሹክታ።

ባለቤቴ የባኞው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ብዙ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ ያጠጋጋሁት።»

መንቀል የማይታሰብ ስለሆነ በመቀስ ከላይ መቁረጥ ነበረብን። በየክንድ ርቀቱ አንዳንድ አስቀርተን ሌላውን ልንቆርጥ ወሰንን። እሱ አልቻለም። እኔ ስቆርጥ ከበሩ ውጭ ቆሞ «ጨረስሽ?» ይላል፤ አንድ ግንድ በወደቀ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል። አባ ከሱ ጋር ቆመው ያጽናኑታል። የተቆረጠውን ተሸክሜ ስወጣ ሁለቱም መንገድ ለቀቁልኝ።

የቀሩት መተንፈሻ ሲያገኙ ሻጋታው ለቀቃቸው፣ አበቡም። ባኞ ቤት ንብ አይገባምና ባለቤቴ በጢም መላጫ ብሩሹ አበባውን አንድ በአንድ ይዳብስ ነበር፤ ይህን ለቢሮ ሰው እንዳታወሪ ብሎ አስምሎኛል። ፍሬው ያዘ፣ ቀላ።

የቀላ ለት አባንና ጎረቤቴን ጠራን። ባለቤቴ ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ቲማቲም ከነቢላው በሳሕን አቀረበና፣ እሱ ሳይበላ ቆሞ አፋችንን ያይ ጀመር። አባ ባርከው ቀመሱ። ጎረቤቴ ቆርጣ ጎረሰች፣ አኘከች፣ ጣራ ጣራ አየች።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ቲማቲም ቲማቲም ይላል» አለች።

ባለቤቴ እጇን ይዞ «የቐንየለይ» አላት። ከትግርኛ የሚያውቀው ይህን የምስጋና ቃል ብቻ ነበር።