ሙሽራዋ የሌለችበት ሰሌዳ

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎንደር ውስጥ በአንድ የባህል መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ በየመንገዱ ዳር ለሚተከሉ የታሪክ ሰሌዳዎች ጽሑፍ ማዘጋጀት ነበር። አለቃዬ ከአምስት መስመር በላይ አይፈቅድም። መንገደኛ ቆሞ አያነብም፣ የንጉሥ ስም ካየ ይበቃዋል ይለኝ ነበር።

አንድ ነሐሴ ላይ ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ መንገዱ የሊማሊሞን ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ወዳለ አንድ ቦታ ተላክሁ። ፋይሉ ላይ አንድ የጎንደር ንጉሥ ሲዘምት ድንኳኑን የተከለበት ሜዳ ነው ተብሎ ተጽፏል። ቦታውን አይቼ፣ የአገሩን ሽማግሌ ጠይቄ እንድመለስ ነው የታዘዝኩት። የወሰደኝ ሹፌር አባቴን በዕድሜ የሚያክል፣ ከጎንደር ነባር እስላም ነጋዴዎች ቤት የተወለደ ዝምተኛ ሰው ነበር። ጋሼ ነበር የምለው።

ስንደርስ አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ልከዋቸው ነው። ስለ ንጉሡ ድንኳን ብጠይቃቸው ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ይልቅ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከገደሉ አፋፍ ወዳለ የድንጋይ ክምር ወሰዱኝ። ቁመቱ ከኔ ይበልጣል። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ አንዳንድ ድንጋይ ይጥልበታል።

«ይህ የማን ነው፣ አያ?» አልኳቸው።

«የእናቴ ታላቅ እህት» አሉኝ።

ጣሊያን መንገዱን ሳይቆርጥ በፊት ነው አሉ። ልጅቱን ከደጋ ወደ ቆላ፣ ወደ አዲ አርቃይ በኩል ድረዋት ሰርገኞቹ በቅሎ ላይ አስቀምጠው ይዘዋት ሲወርዱ ከገደሉ ሥር ጉም ተነሣ። ወሩ ጥር ነው፤ በጥር እንዲህ ያለ ጉም አይታወቅም። ጉሙ ሲገፈፍ በቅሎዋ ብቻዋን እዚህ ቆማ ተገኘች። ኮርቻዋ ላይ ማንም የለም።

ሰርገኞቹ የሙሽራዋን ስም እየጠሩ ፈለጉ። አቤት አለች። ድምፁ ከሥር ከገደሉ ውስጥ ነው የመጣው። ደግመው ቢጠሯት በስተኋላቸው አቤት አለች። ሦስተኛ ሲጠሯት ከሁሉም አቅጣጫ ሆነ። ሁለት ሚዜዎች ድምፁን ተከትለው ሄደው ከገደል ወደቁ። የእነርሱ ሬሳ ተገኝቶ ተቀበረ። የሷ ግን አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ በዚያ አፋፍ ላይ ስሟን የሚጠራ የለም። እኔም ስሟን ስጠይቃቸው ሽማግሌው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

ወደ ማኪናው ስንመለስ ጉም ሞልቶ ስለነበር ከፊቴ የሚሄዱት ሽማግሌ ጋቢያቸው ብቻ ነው የሚታየኝ። በዚያ መሀል በስተቀኜ እልልታ ሰማሁ። ቀጭን ነው፤ ብዙ ሴቶች ከሩቅ አብረው የሚሉት ዓይነት። ቆምኩ። ሽማግሌው ግን እንዳልሰማ ሰው እርምጃቸውን አላቋረጡም። ጆሮዬ ነው ብዬ ተከተልኳቸው።

ሹፌሩ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ደባርቅን፣ ዳባትን አለፍን። ኋላ ነው ቀስ ብሎ የጠየቀኝ።

«እህቴ፣ እዚያ ሰፈር ሰርግ ነበር እንዴ?»

የፍልሰታ ጾም ነበር። በፍልሰታ ማንም ክርስቲያን ሰርግ አይደግስም፤ እሱ ግን ይህን ልብ አላለውም። የለም አልኩት።

ለአለቃዬ የሰማሁትን ጻፍኩለት። አንብቦ መለሰልኝ። ተረት በሰሌዳ አይጻፍም፣ ፋይሉ ላይ ያለውን አድርጊው አለኝ። አደረግሁት። አዲስ ነበርኩ፤ እንጀራዬም ነበር። ሰሌዳው ኅዳር ላይ ሲተከል እኔም ሄድኩ። ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችሉ አንብቢልኝ አሉኝ። የንጉሡን ድንኳን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «እሷስ?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሥራ ላይ ተቀምጬ የማንንም ንጉሥ ስም በጻፍኩ ቁጥር ያ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ እንቅልፍም ነሳኝ። በመጨረሻ ለሹፌሩ ነገርኩት። ምንም ሳይጠይቅ፣ ሐሙስ ደባርቅ ዕቃ አደርሳለሁና ቀለምሽን ይዘሽ ነይ አለኝ።

ጠዋት ነበር፤ ፀሐይ ወጥታለች። ከአምስቱ መስመር ሥር በቀረው ጠባብ ቦታ ላይ በገዛ እጄ ስድስተኛ ጨመርኩ። «እዚህ አንዲት ሙሽራ በጉም ጠፋች፤ ሁለት ሚዜዎቿም ሲፈልጓት ሞቱ።» ፊደሌ ጠማማ ሆነ። ሹፌሩ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ስጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሃይማኖቱ ደንብ ዱዓ አደረገላት።

ሽማግሌውን ከእርሻቸው አስጠርተን አነበብኩላቸው። «የቷ ናት እሷ?» አሉኝ። ሙሽራ የሚለውን ቃል በጣቴ አሳየኋቸው። መዳፋቸውን አሳረፉበት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ያበላሹታል ብዬ ብሰጋም አልከለከልኳቸውም። እጃቸውን ሲያነሱ ቃሉ ትንሽ ተዘርግቶ ቀረ፤ ግን ይነበባል።

ከወራት በኋላ አለቃዬ በዚያ በኩል ሲያልፍ አይቶት ኖሮ ቢሮው ጠራኝ። ማን እንደጻፈው ጠየቀኝ፤ እኔ ነኝ አልኩት። ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። አብረውት ከነበሩት ጋር እዚያ ሲደርሱ የማኪናው ሞተር ጠፍቶባቸው ጥቂት መቆማቸውን ነገረኝ። ምን እንዳየ ወይም ምን እንደሰማ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ጽሑፉ ይቆይ ብሎ አሰናበተኝ።