የመሐሉ ማሳ

አባቴ በደርግ ጊዜ የገበሬዎች አምራች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ዛሬ የቆመበት ቦታ ያኔ ከወንዙ እስከ ዳገቱ የጤፍ እርሻ ነበር። የመንግሥት ካድሬ መጥቶ በስብሰባ ላይ፣ "ቁርጥራጭ ማሳ ላይ ትራክተር አይዞርም" አላቸው። አባላቱ ድንበራቸውን አፍርሰው መሬቱን ኩታ ገጠም አደረጉት። በሬውም የጋራ ሆነ፤ የእያንዳንዱ ሥራ በነጥብ እየተያዘ ምርቱን ይካፈላሉ።

መሐል ላይ የአጎቴ ማሳ ነበረች። የአባቴ ታላቅ ነው፤ ግትር ሰው። "በሬዬን ለሰው ጅራፍ አልሰጥም" ብሎ አልገባም አለ። የማኅበሩ መሬት ደግሞ የግድ አንድ ወጥ መሆን ነበረበት። አባቴ በጉባኤ ፊት እጁን አውጥቶ የወንድሙን ለም ጥቁር መረሬ በዳገቱ መሬት አስለወጠበት። ዳገቱ ድንጋይ ብቻ ነው፤ የአጎቴ ማረሻ ሲንቋቋ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ያ ሁሉ የተባለለት ትራክተር አንድ ክረምት ብቅ ብሎ ቀረ። ማኅበሩ ሲፈርስም መሬቱ ለሌላ ሰው ተደለደለ እንጂ ለአጎቴ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም። እሁድ እሁድ አንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይሄ ነው። ከተማው መጥቶ ሁሉንም ሲጠቀልለው ሁለቱም እዚሁ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ብሎካቸው ግን ለየብቻ ነው።

ዘንድሮ አጎቴ ታሞ መዳከሙን ሰማን። አባቴ ሳይታረቁ እንዳይሞትበት ፈራ። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ የተበደለው "አውርድ" ካላለው አያወርድም። አባቴ መንገድ ዳር የተረፈ ኮብልስቶን አንስቶ በዚያ እድሜው አጎቴ ወዳለበት አራተኛ ፎቅ ወጣ። ከኋላው እየተከተልኩ እንዳይወድቅብኝ እሳቀቅ ነበር።

አጎቴ አልጋው ላይ ሆኖ አየን። አባቴ ድንጋዩን እንደተሸከመ አጎነበሰ።

"ወንድሜ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ።"

"ድንጋይ ይዘህልኝ መጣህ?" አለ አጎቴ፣ በደከመ ድምፅ። "እሱንማ ያኔ ሰጥተኸኝ የለ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቴ እንዳጎነበሰ ቆየ። ሄጄ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አነሳሁት።

"ማን አውርጂ አለሽ?" ብሎ አባቴ ጮኸብኝ፤ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። ከእጄ ነጥቆ መልሶ ተሸከመው።

አጎቴ ሁሉንም እየሰማ ነበር። አልዞረም።