እናቴ በኢታንግ መንገድ ላይ ውሃ የጠጣችበት ቀን

ባለፈው እሁድ የወንድሜ ልጅ ቃልኪዳን ሳሎኔ ውስጥ ሻንጣዋን ከፍታ፣ አንዱን ስታወጣ ሌላውን ስትከት አገኘኋት። ከጓደኞቿ ጋር ለሽርሽር ወደ ጋምቤላ ልትሄድ ነው። «አክስቴ፣ አንቺ እዚያ ኖረሻል፤ ምን ልያዝ?» አለችኝ። መጀመሪያ ወፍራሞቹን ጂንሶች አወጣሁባት። ሰፋ ያለ ስስ የጥጥ ልብስ፣ ባርኔጣና አጎበር ያዢ አልኳት። ሻንጣሽ ሲሞላ ግማሹን መልሰሽ አውጪ፤ እዚያ ሙቀት ውስጥ የምትሸከሚው ነገር ሁሉ ክብደቱ ይጨምራል። መኪና ውስጥ ፀሐይ በማይመታው በኩል ተቀመጪ። ሾፌሩ «አሁን እንነሳለን» ካለሽ፣ ጭነቱ ሲሞላ ማለቱ እንደሆነ እወቂ። እሷ ስልኳ ላይ እየጻፈች «ሌላስ?» ትለኛለች።

«ውሃ» አልኳት። «ሳይጠማሽ ጠጪ። ጥሙ እስኪመጣ ከጠበቅሽ ዘግይተሻል።»

ይህን ስል ሐሳቤ ከእሷም ከሻንጣዋም ሸሸ። እናቴ ናት ትዝ ያለችኝ፤ በአቧራማው የኢታንግ መንገድ ዳር፣ አንዲት ጥላዋ የሳሳ ግራር ሥር።

ያን ጊዜ ገና ወጣት መምህርት ነበርኩ። ከኮሌጅ ስንመረቅ የሥራ ቦታችን በዕጣ ነበር የሚወሰነው፤ የእኔ ዕጣ ጋምቤላ ሆነ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ በሚነጣበት አገር ላደገች ልጅ፣ ጋምቤላ ከስሙ በቀር የማታውቀው ቦታ ነበር። እናቴ ዕጣውን የሰማች ዕለት ለቅሶ ተቀመጠች ማለት ይቻላል፤ ጎረቤቶች እየመጡ ያጽናኗት ነበር። በሁለተኛው ዓመቴ፣ መጋቢት ላይ፣ ሁዳዴ ጾም ሲጋመስ፣ ሳትነግረኝ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች።

መናኸሪያው ውስጥ ሳያት ማመን አቃተኝ። ሹራብ ለብሳለች፤ በላዩ ላይ ጋቢ ደርባለች፤ በሶውን፣ ሽሮውንና ዳቦ ቆሎውን በትልቅ ዘንቢል ይዛለች። ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። «ከጎሬ በኋላ መንገዱ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያባራም» አለችኝ፣ ገና ሳንሳሳም። «ሲኦል ደረስን ወይ ብዬ ሾፌሩን ብጠይቀው ሳቀብኝ።»

አመጣጧ ለመጠየቅ ብቻ እንዳልነበረ በዚያው ዕለት ነገረችኝ። ትምህርት ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ አግኝታ ዝውውር አስጨርሳልኛለች፤ የቀረው የእኔ እሺታ ብቻ ነው። ተለይቶ መኖሩ ለእኔም ቀላል አልነበረም። ወባው፣ ሙቀቱ፣ የቤተሰብ ናፍቆቱ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ልቤ ተነሥቶ ነበር። ሌላው ግማሽ ግን እዚያው ነው። ማታ ማታ ባሮ ድልድይ ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ ወድጄዋለሁ። ተማሪዎቼን ወድጃቸዋለሁ። ማንጎ ሲደርስ ከተማውን የሚሞላው ሽታ ብቻ እንኳ ሰው ያስቀራል። «እስክትመለሺ ላስብበት» አልኳት።

እሷም እስከዚያው አገሩን ማየት ጀመረች። በሙቀቱ ምክንያት አልጋችንን ግቢ አውጥተን፣ አጎበር ሰቅለን ነበር የምንተኛው። መጀመሪያ «ሜዳ ላይ? እንደ ከብት?» ብላ አኮረፈች፤ በኋላ ግን አልጋውን ቀድማኝ የምታወጣው እሷ ሆነች። እናቴ ከዚያ በፊት ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለጠበል ካልሆነ በቀር ከቤቷ ርቃ አታውቅም። ለማየት ብቻ መንገድ መሄድ የሚባል ነገር እንደሚያስደስታት ያወቅነው እዚያ ነው፤ እሷም፣ እኔም።

አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቀኝ ነበር። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው፤ እስከዚያ እህልም ውሃም በአፏ አይዞርም። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ምንም አይደለም። በጋምቤላ መጋቢት ግን በጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንኳ ልብሱ ከገላው ይጣበቃል። «እማዬ፣ ውሃ ብቻ» ብዬ ብለምናት፣ «ስንት ዓመት የጾምኩትን በአንቺ አገር ላፍርሰው?» ትለኛለች።

ትምህርት በተዘጋበት ዓርብ ወደ ኢታንግ ልወስዳት ተነሣሁ። ጎረቤቴ ከድር የወሎ ሰው ነው፤ ከተማ ውስጥ ሱቅ አለው። በአሮጌ አይሱዙው ስኳር፣ ጨውና ሳሙና እየጫነ ኢታንግ ይሸጣል። «እማማን ጋቢና አስቀምጣቸዋለሁ፣ አታስቢ ቲቸር» አለኝ። በጎህ እንነሣለን ተባብለን ጭነቱ ሞልቶ ስንንቀሳቀስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። እናቴ ግን ደስ ብሏት ነበር። በሚያልፉት ከብቶች፣ በረጃጅሞቹ ሰዎች፣ ከሣሩ ጋር እኩል በሆኑት ጎጆዎች ሁሉ ትገረማለች። «እዩት እስቲ የፈጣሪን ሥራ፣ አንድም ድንጋይ የለም!» ትላለች። ድንጋያማ አገር ላደገ ሰው እውነትም ይገርማል።

መንገዱ አጋማሽ ላይ መኪናው ፈላ። ከድር ኮፈኑን ሲከፍት ራዲያተሩ ተበስቶ እንፋሎቱ ይንፎለፎላል። ቀዳዳውን በሳሙና ደፈነና በጀሪካን የያዝነውን ውሃ ጨመረበት። ትንሽ ሄድን፤ እንደገና ፈላ። የቀረንንም ጨመረበት። ሦስተኛ ጊዜ ሲቆም መኪናው ያለንን ውሃ ሁሉ ጠጥቶ ጨርሷል፤ መንገዱ ላይም የሚያልፍ መኪና የለም። ከድር ከመኪናው ሥር ገባ። እኔ እናቴን ደግፌ ግራሯ ሥር አስቀመጥኳት።

መጀመሪያ ወሬዋ ቀነሰ። ቀጥሎ ላቧ ቆመ፤ ቆዳዋ ደርቆ እንደ ምጣድ ሞቀ። «ዘውዴ» አለችኝ። ዘውዴ በልጅነቷ የሞተችባት እህቷ ናት። «ዘውዴ፣ በሩን ዝጊው፣ እሳቱ ገባ።» እጇን ስይዘው ዝልፍልፍ ብሎ ከእጄ ወደቀ። ጮህኩ። ከድር ግራሶ በነካው እጁ ሮጦ መጣና ቆመ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። ሁለታችንም ባዶውን ጀሪካን እናያለን።

በዚያን ጊዜ ነው ሴትየዋ የመጣችው። ከወንዙ አቅጣጫ፣ በሣሩ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ፣ በራሷ ላይ ሙሉ ጀሪካን ተሸክማ፣ ሳትቸኩል ትራመዳለች። እናቴን ስታይ ግን ሮጠች። ጀሪካኑን ካወረደች በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። የእናቴን ነጠላ ከራሷ ላይ ገፈፈች፤ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰበሰበች፤ ውሃውን በራሷ፣ በደረቷ፣ በእግሯ ላይ አፈሰሰችው። ነጠላውን አርጥባ አንገቷ ላይ ጠመጠመች። ከዚያ በእፍኟ ውሃ ይዛ ወደ አፏ አቀረበች።

እናቴ ያን ያህል ተዳክማም ከንፈሯን ገጠመች። «ሰዓቱ… አልደረሰም።»

ሴትየዋ ወደ እኔ ቀና አለች። «ምን አለ?»

«ጾም ላይ ናት» አልኩ። «አትጠጣም።»

ሴትየዋ የእናቴን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች። በገበያ የተማረችው አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም ነበር፤ ግን ቃል በቃል ዛሬም ይሰማኛል። «እማማ፣ ጠጣ። ውሃ የኩዎዝ ነው። ኩዎዝ አይቆጣም። ጠጣ።»

«ማነው… ያለችው?» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እግዚአብሔር ማለቷ ነው፣ እማዬ። በኑዌርኛ።»

እናቴ ከዚያ አፏን ከፈተች። ሴትየዋ በእፍኟ እየደጋገመች አጠጣቻት፤ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ።

ስሟ ኛቦል ነበር። ቤቷ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ይታያል። ከድርና እኔ እናቴን በሁለት ወገን ደግፈን፣ ኛቦል ባዶ ጀሪካኗን ይዛ እየቀደመችን ሄድን። ከጎጆዋ በስተኋላ፣ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ቁርበት አነጠፈች። እናቴ ተኛች፤ ጥላው ሲረዝም ነቃች። ዓይኗ ጠርቷል፤ ስሜንም በትክክል ጠራችኝ። እኔ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ምሽት ላይ ኛቦል ኮፕ አቀረበችልን። ኮፕ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ፣ በእንፋሎት የበሰለ፣ ፍርፍር ያለ ምግብ ነው፤ በላዩ ላይ ገና የታለበ ወተት ይፈስበታል። እናቴ ወተቱን ስታይ ተጨነቀች። ያዳነቻትን ሴት ማስቀየም አልፈለገችም፤ ቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አሸተተችው፣ እኔን አየች። ኛቦል ነገሩ ገባት። «ጾም!» ብላ በሳቅ ፈረሰችና ቅሉን ተቀብላት ለከድር ሰጠችው፤ ለእኛም ደረቁን ኮፕና የተቀቀለ ዱባ አመጣች። ከድር የሦስታችንንም ወተት ጠጥቶ «ክርስቲያኖች ዘላለም ጹሙልኝ» አለ። እናቴ ከታመመች ወዲህ የሳቀችው በዚያ ነው።

በማግስቱ ከድር በጠዋት የሚያልፍ መኪና አስቁሞ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ሊያመጣ ወደ ከተማ ተሳፈረ። አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ እናቴ ቆማለች፤ የኛቦልን ጀሪካን ይዛለች።

«እማዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«ወንዝ። ውሃዋን በእኔ ላይ አፈሰሰችው እኮ። ስንት መንገድ ተሸክማ ያመጣችውን።»

«ትናንት ልትሞቺ ነበር!»

«ዛሬ አልሞትኩም። ገመድ ፈልጊልኝ።»

ኛቦልም እንደ እኔ ለመነቻት፤ አልሰማችም። በስተመጨረሻ ሦስታችንም ቀስ እያልን ወደ ባሮ ወረድን። ውሃው ዝግ ብሎ፣ ሰፍቶ ይፈሳል፤ ሴቶች ዳር ላይ ይቀዳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ። ኛቦል ጀሪካኑን እንደ ልማዷ በእናቴ ራስ ላይ ልታሸክማት ሞከረች፤ እናቴ አንገቷ እንደማይችል በእጇ አሳየቻት። ግማሽ የሞላውን ጀሪካን በገመድ አሥራ፣ እንደ አገሯ እንስራ በጀርባዋ አዘለችው። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ወንዙን በሳቅ ሞሉት። አንዷ እየመጣች ገመዱን ትነካለች፤ አንዷ ጎንበስ ብላ አካሄዷን ትኮርጃለች። እናቴም ከእነሱ ጋር እየሳቀች ዳገቷን ወጣች። ሌሎቹ ሴቶች ጀሪካናቸውን በራሳቸው ይዘው እስከ ኛቦል ደጅ ሸኙን። እናቴ ግቢው ውስጥ ስትደርስ ጀሪካኑን አወረደችና የኛቦልን ሁለት እጆች ሳመች። ኛቦል ደንግጣ እጇን ልትነጥቅ ስትል ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። 

መኪናው ተበይዶ ጋምቤላ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን እያለ እናቴ በድንገት «ያንን ዝውውር ተይው» አለችኝ።

«ለምን?»

«የፈራሁት ብትታመሚ ማን ያይልኛል ብዬ ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ማን እንደሚያይልኝ አየሁ።»

ያንን ሳምንት ጨርሳ ብቻዋን ተመለሰች። እኔ ቀረሁ፤ ብዙ ዓመትም ቆየሁ። ያስተማርኳቸው ተማሪዎች፣ ያገባሁት ሰው፣ የወለድኳቸው ልጆች ሁሉ ከዚያ መቅረት የመጡ ናቸው። ኛቦልን ለገበያ ጋምቤላ ስትመጣ አገኛት ነበር፤ እናቴ የላከችላትን ዳቦ ቆሎ እሰጣታለሁ፣ እሷም ለእናቴ ሰላምታ ትሰጠኛለች። በኋላ ቤተሰቧ ርቆ ወደ ማታር ከተማ ሄደ ሲባል ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። በመንገዷ ስታልፍ ቆም ብላ ለማታውቀው ሰው የቀኗን ውሃ ያፈሰሰች ሴት፣ ዛሬ የት እንዳለች አለማወቄ አሁንም ያመኛል።

እናቴም ያቺ ጉዞ ሱስ ሆነችባት። ከዚያ በኋላ ሐረርን፣ ጅማን፣ አርባ ምንጭን አየች። ሰው «ምን ሥራ አለሽ?» ሲላት «ለማየት ነው» ትላለች፣ ኮራ ብላ። አሁን ጉልበቷ አልሄድም ብሏት ደብረ ብርሃን ቤቷ ተቀምጣለች። የምትጓዘው በእኔ ነው፤ የትም ስሄድ እደውልላታለሁ። ስለ ሆቴሉ፣ ስለ አየሩ፣ ስላየሁት ነገር ብዙም አትጠይቀኝም። የምትጠይቀኝ «ማን ተቀበለሽ?» ብላ ነው። እኔም ከጊዜ ብዛት በየሄድኩበት ይህን ጥያቄ ይዤ መሄድ ለመድኩ። ብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ ፏፏቴውና ተራራው በአእምሮዬ እየተደባለቀ ነው። ሰዎቹ ግን አልተደባለቁብኝም።

ባለፈው ወር ጂንካ ነበርኩ። ያከራየችኝ ሴት፣ ሳልጠይቃት፣ ከዝናብ ስገባ ሙቅ ውሃና ደረቅ ፎጣ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። ለእናቴ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። «ስልኩን ስጫት» አለችኝ። ሴትየዋ አማርኛ እምብዛም አትሰማም፤ እናቴ ደግሞ ምርቃት ከጀመረች አታቆምም። ሴትየዋ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እስኪያልቅ ድረስ አዳመጠች። ሲያልቅ «አሜን» አለች።