ለቀብር የተዋሰው ካፖርት

የሰፈራችን ሴቶች ዊልፍሬድ አክሮይድን የሚያውቁት በሁለት ልብሱ ነው። አርብ አርብ የሕይወት መድን ክፍያ ሊሰበስብ በየበሩ ሲያንኳኳ ያቺን ወገቧ ላይ በቀበቶ የምትታሰር፣ ከጦርነቱ ወዲህ ትሬንች ኮት የሚሏትን የዝናብ ልብስ ይለብሳል። ከደንበኞቹ አንዱ ሲሞት ደግሞ አባቱ የሰፉለትን ጥቁር የሱፍ ካፖርት ለብሶ ከቀብርተኛው ኋላ ይቆማል። ሌሎቹ ሰብሳቢዎች ገንዘቡን ለቤተሰቡ ሰጥተው ይገላገላሉ፤ እሱ ግን ሳይቀብር አይቀርም። "ዊልፍ በአባቱ ካፖርት መጥቷል" ከተባለ ሟቹ በወግ ተሸኘ ማለት ነው።

እኔ የግድግዳ ጎረቤቱ ነኝ። እዚህ ሊድስ የእኛ ሰፈር ቤቶች ጀርባና ጎናቸው ተጣብቆ ስለተሠራ ጎረቤትህ ሲያስነጥስ ይማርህ የምትለው አንተ ነህ። በዚያ ላይ እሱ የሚሠራበትን የመድን ቢሮ የምጠርገውም፣ ሻዩን የማፈላውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ነገር ከማንም ሰምቼ አይደለም የማወራው።

ዝናብ በሚጥልበት ቀን ዊልፍሬድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ትሬንች ኮቱን ያወልቃል፤ እርጥቡን ወደ ውስጥ አጥፎ ክንዱ ላይ ካደረገ በኋላ ነው የሚገባው። ሴት ያጠበችውን ወለል ማርጠብ ነውር ነው ይል ነበር። ለዝናብ ያቺ ልብስ እንከን አይወጣላትም። ለብርድ ግን ምንም አትሆንም፤ ስስ ጥጥ ናት። ካፖርቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዝናብ ካገኘው ውሃውን ጠጥቶ እንደ እርጥብ በግ ይከብዳል፤ በደረቅ ውርጭ ቀን ከለበሱት ግን ምድጃ ይዞ የመውጣት ያህል ነው።

አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ካፖርቱን የሰፉለት ዓይናቸው ሊጠፋ ሲል ነው፤ ከዚያ ወዲያ መርፌ አልያዙም። በየስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አጥፈው ትተውለታል። አንድ ቀን የባሌን ሱሪ እግሩን ላሳጥር ስል መቀስ ይዤ ደረሱብኝና ጮኹብኝ። "አጥፈሽ ስፊው እንጂ፣ አንቺ! የታጠፈ ይፈታል። ቆርጠሽ ከጣልሽው በኋላ ከየት ታመጪዋለሽ?" አሉኝ። እኔም ዊልፍሬድም ይህን አልረሳንም።

ክሊፎርድ ሰግደን የዊልፍሬድ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። እሱም ሰብሳቢ ነው። እሑድ እሑድ ምሳውን የሚበላው እነ ዊልፍሬድ ቤት ነበር። ድሮም አልወደውም ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ነው። ሳቂታ ነበር፤ ሁላችንም እንወደው ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን የክሊፎርድ እናት ሞቱ። እኔ ከዊልፍሬድ ሚስት ከሂልዳ ጋር ድንች እየላጥን ሳለ መጣ።

"ዊልፍ፣ እናቴን በዚህ በነተበ ጃኬት ልቅበራት?"

"ምን ትላለህ አንተ? እዚያ ተሰቅሏል፤ ውሰድ እንጂ!"

ክሊፎርድ አጠር ያለ ነው። ቀብሩ ላይ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኖት አየሁ፤ አንጀቴን በላኝ።

ካፖርቱ ሳይመለስ ቀረ። ሲጠየቅ ብል ገብቶበታል፣ እንዲጸዳ ሰጥቼዋለሁ አለ። እንዲህ እንዳለ ነው የቢሯችን ተቆጣጣሪ ጡረታ የወጣው። ተቆጣጣሪ ማለት ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ የሰብሳቢዎችን ሥራ የሚያይ ሰው ነው። ዊልፍሬድ ያቺን ወንበር ለሹመት አልነበረም የፈለጋት። ሳንባው ታሞ ነበር፤ ሐኪሙም ሌላ የብርድ ወራት በእግርህ ከዞርክ ለሕይወትህ ዋስ አልሆንህም ብሎታል። ሌሊት ሲያስል ግድግዳው እኔ ቤት ድረስ ይነዝራል። ክሊፎርድም ለቦታው አመለከተ። ዊልፍሬድ ይህን ሲሰማ እንኳ "ከሁለታችን አንዳችን ካገኘነው ያው ነው" ብሎ ሳቀ።

አመራረጡ እንዲህ ነው፤ ከለንደን አንድ ትልቅ ሰው ይመጣና እያንዳንዱን አመልካች ይዞ በእግር ይዞራል፤ በየበሩ እንዴት እንደሚናገር ያያል። ሂልዳ ታዲያ እሑድ ምሳ ላይ፣ እኔም ባለሁበት፣ "ክሊፎርድ፣ ያንን ካፖርት አሁን አምጣው። ዊልፍ በዚህ ውርጭ ያለሱ አይወጣም" አለችው።

ክሊፎርድ አፉን በዳቦ ሞልቶ ሳቀ። "ካፖርት? ሂልዳ ሙች፣ ቀባሪ መጣ ነው የሚሉት! የለንደኑ ሰውዬ እኮ ጦርነቱ ላይ መኮንን ነበር። ትሬንች ኮት ለብሰህ ሲያይህ የራሱን ሰው ነው የሚያየው። ስማኝ ወንድሜ፣ እኔም የራሴን ትሬንች ኮት ነው የምለብሰው።"

"እኔማ አልታየኝም" አለች ሂልዳ።

"የቢሮ ሰው ልብስ ለእኔ ተይው፣ የኔ እህት" አላት።

ዊልፍሬድ አመነው። ሂልዳ ያቺን ስስ ጨርቅ ስትቦርሽ፣ የቀበቶዋንም ዘለበት ስትወለውል አመሸች።

በቀጠሮው ቀን መንገዱ መስታወት ሆኖ ነበር። ዊልፍሬድ ቢሮ ሲደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሻይ ሰጠሁት፤ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ሳለ በሩ ተከፈተና ክሊፎርድ ገባ። የለበሰው ያንን ካፖርት ነው። ተቦርሿል፣ ተተኩሷል፤ ልክክ ብሎለታል።

ቀድሞ ያወራው ክሊፎርድ ነው። "ላመጣልህ እኮ ነው! ብርዱ ሲጠና ጊዜ መንገድ ላይ ደረብኩት።"

"ደግ አደረግህ" አለ ዊልፍሬድ። እስካሁንም አምኖታል፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። "ተራው የኔ ነው፤ ስጠኝ።"

ክሊፎርድ ቀስ ብሎ አወለቀ። ዊልፍሬድ ካፖርቱን ለበሰ፤ እጁን ሲዘረጋ አንጓው ከነአጥንቱ ወጣ። እጅጌው አጥሯል። መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ አውራ ጣቱን እጅጌው አፍ ውስጥ አስገብቶ አባቱ የተዉለትን የታጠፈ ጨርቅ ፈለገ። አንዱን እጅጌ ዳበሰ፣ ሌላውን ዳበሰ። ቀና ብሎ ክሊፎርድን ሲያየው እኔም ገባኝ። ቢታጠፍ ኖሮ ብድር ነበር። ክሊፎርድ ግን አስቆርጦታል።

"ዊልፍ፣ እንዴት መሰለህ..." አለ ክሊፎርድ።

ዊልፍሬድ አወለቀና መለሰለት። "ልክህ ነው" አለ። ትሬንች ኮቱን ቆልፎ ከለንደኑ ሰውዬ ጋር ወጣ። እኔ ብሆን ያንን ሻይ ከነፍላቱ ክሊፎርድ ላይ ነበር የምደፋው፤ ደግሞም አምሮኝ ነበር።

ሲመለሱ ዊልፍሬድ ደረጃው ላይ ቆሞ ያስል ነበር። የለንደኑ ሰውዬ እኔ ሻዩን ሳቀርብ ለቢሯችን ሥራ አስኪያጅ፣ "ደግ ሰው ነው፤ በየቤቱ ይወዱታል። ግን የሕይወት መድን የሚሸጥ ሰው በር ላይ እንዲህ ሲያስል ማን ይገዛል?" አለው። ክሊፎርድ በተራው ሞቆት ወጣ፣ ሞቆት ተመለሰ። ወንበሯን አገኘ።

የእሑድ ምሳው ቀረ። ዊልፍሬድ ለማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን ለሰማኝም ላልሰማኝም ተናገርኩ። ካፖርቱን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ክሊፎርድ በእኛ መንገድ ማለፍ ተወ። ዊልፍሬድ በዚያች ስስ ልብስ ከበር በር ሲዞር ከርሞ በሚቀጥለው ብርድ ሳንባው ተዘጋ። አንድ ማለዳ ከግድግዳው ወዲያ ሳል ጠፋ። ተነስቼ ልብሴን ለበስኩ፤ ሂልዳ እስክትጣራ እንኳ አልጠበቅሁም።

በቀብሩ ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥል ነበር። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ክሊፎርድ ዊልፍሬድ ይቆምበት በነበረው ቦታ፣ ከሁሉ ኋላ፣ ያንን ካፖርት ለብሶ ቆመ። እንዴት አስቻለው? ቄሱ ጸሎቱን ሲጨርሱ ሂልዳ ከጉድጓዱ አፍ ተነስታ ሰዉን እየከፈለች ወደ እሱ ሄደች።

"ክሊፎርድ፣ ይሄን ካፖርት ለምን ነበር የተዋስከው?"

"ሂልዳ፣ እባክሽ፣ ሰው ፊት..."

"ለምን ነበር?"

"ለቀብር።"

"ይኸው ቀብር። አውልቅ።"

አወለቀ። በጃኬቱ ብቻ በዝናቡ ውስጥ ሄደ፤ ጃንጥላ ያስጠጋው ሰው የለም። ካፖርቱ ውሃ ጠጥቶ ስለከበደ ሂልዳን አገዝኳት። ወደ ቤት የምንወስደው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ በሳጥኑ ላይ አወረደችውና እጅጌዎቹን አስተካከለች።

"ቢያጥረውም ይሙቀው" አለች።