የወንድሜ ገንቦ ኮቦ ቀረች

ደሴ፣ ሲነጋጋ

ከደሴ የተነሳሁት አንድ ገንቦ ጠላ ላመጣ ነው። አትሳቁ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ይመር ታሞ ከተኛ ወዲህ እህል አልቀምስ ብሎ፣ "የኮቦን የማሽላ ጠላ ብቻ አምጣልኝ" አለኝ። ጤነኛ ሳለ ይችኑ ገንቦ ይዞ እየሄደ ከእትዬ ዘነቡ ቤት ያስሞላት ነበር። ዘመኑ ስድሳ ስድስት ነው፤ ስለ ድርቁ ይወራል። እኔ ግን ወሬ ይበዛዋል እል ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ገንቦዋን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ገንቦዋንና ሆዴን እያፈራረቁ አይተው፣ "የትኛው ነው የሚሞላው?" አሉኝ።

"ሁለቱም ባዶ ናቸው፣ እናቴ።"

ጎብዬ

ወልድያን ካለፍን ወዲያ ሙቀቱ ያዘን። ጎብዬ ላይ ሹፌሩ ለሞተሩ ውሃ ሊለምን ወረደ። የገበያ ቀን ነበር፤ ገበያ ግን አልነበረም። አንዱ የቤቱን በር ነቅሎ ለሽያጭ አቁሞታል። ማን ይግዛው? ሮቢት ስንደርስ ሰዎች መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። መኪና ሲያዩ እጃቸውን እንኳ አያነሱም። ከዚያ እስከ ኮቦ አንድ ቀልድ አልወጣኝም፤ ለእኔ ይሄ በሽታ ነው።

ኮቦ

ጠላ ቤት የሚታወቀው ደጁ ላይ በተተከለ እንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ ሲታይ ነው። የኮቦ እንጨቶች ባዷቸውን ቆመዋል። የእትዬ ዘነቡ ጣሳ ግን አለ፤ ደጇ ላይም ሰው ቅልና ድስት ይዞ ተሰልፏል። ተመስገን፣ ጠላማ አለ ብዬ ከኋላ ቆምኩ። ከፊቴ የነበሩት ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው።

"አባባ፣ እርስዎም ጠላ ጀመሩ እንዴ?"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ! የምን ጠላ?" ዞረው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ሙቅ ነው እንጂ! ደግሞ አንተ ይህን ሆድ ይዘህ ከእኛ ጋር ልትሻማ ነው?"

ሰልፈኛው ሳቀ። የደከመ ሳቅ ነው፤ ግን ሳቅ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ብትከፈትም በዚህ ሆዴ አላልፍም።

እትዬ ዘነቡ ከጋኑ በጭልፋ እየቀዳች ገንቦዋን አየቻት።

"የጋሼ ይመር አይደለች? ምነው እሱስ?"

"ታሟል። ከጠላሽ በቀር አልቀምስም ብሏል።"

"ውይ በሞትኩት! ለጠላ ያኖርኩትን ማሽላ ይኸው ሙቅ አረግሁት። ጣሳውን የተውኩት ከሩቅ የመጣ ሰው ቤቱ እንዳይጠፋው ነው።"

ወዲያው አንዲት ሴት ባዶ እጇን ከፊቷ ቆመች። ከዋጃ በኩል ነው የመጣችው። ቅሏ መንገድ ላይ ተሰብሮባታል፤ ባሏ ከከተማው ዳር ግራር ስር ወድቆ መነሳት አቅቶታል። ሙቁን በምን ትውሰድለት? በእፍኟ?

"ዕቃ የሚሰጣት የለም?" አለች ዘነቡ። ሁሉም ያለው አንድ አንድ ዕቃ ነው። ዓይን ሁሉ ገንቦዬ ላይ አረፈ።

"የሰው አደራ ናት" አልኩ።

"አደራው ባዶ ነው እኮ፣ ልጄ" አሉኝ ሽማግሌው፣ በቀስታ።

ሰጠኋት። ዘነቡ እስከ አንገቷ ሞላቻት፤ ውታፉን እኔው ወተፍኩ። ሴትዮዋ በነጠላዋ አዝላት ሄደች።

ደሴ፣ በማግስቱ

ስመለስ ጭኔ ባዶ ሆኖ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ጉዞው ያስተማረኝ ነገር ቢኖር "ወሬ ይበዛዋል" ማለትን መተው ነው። ለጋሼ ደግሞ ተሰበረች ልበል እያልኩ መንገዱን ሙሉ ውሸት ስለማመድ መጣሁ። ቤት ስገባ ከትራሱ ቀና አለ።

"ገንቦዬስ?"

ውሸቱ ሁሉ ጠፋኝ። "ኮቦ ቀረች፣ ጋሼ።"

"ተሰብራ?"

"ደህና ናት።"

"ባዶዋን?"

"ሞልታ።" ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ተቀየመኝ ብዬ ልወጣ ስነሳ ሚስቱን ጠራት።

"እስቲ ለእኔም ሙቅ አፍይልኝ።"